ብሮንዝ ወይስ ሲልቨር? ሁለቱንም ታምሜባቸው አይቻቸዋለሁ

ቨርጂኒያ ውስጥ ታክሲ ነው የምነዳው። ቀጣሪ የለኝም፤ ስለዚህ የጤና ኢንሹራንስ የሚገዛልኝም የለም። በየዓመቱ ኖቬምበር ሲገባ ማርኬትፕሌስ የሚባለው የመንግሥት የኢንሹራንስ መሸጫ ድረ ገጽ ላይ ገብቼ ሁላችንም ኦባማኬር የምንለውን ራሴ እመርጣለሁ። በ2024 ብሮንዝ የሚባለውን ደረጃ ያዝኩ፤ በ2025 ከሱ ከፍ የሚለውን ሲልቨር። ኩባንያው አንድ ነው፤ ስሙን ልተወው። የማወራው ስለ ሁለቱ ካርዶች ነው።

ብሮንዙን የመረጥኩት በወር ዜሮ ዶላር ስለሚል ነው። ዜሮው በትልቁ ተጽፏል። ከሥሩ በትንንሽ ፊደል ዲዳክቲብል 7,500 ይላል። ቁጥሩን አይቼዋለሁ፤ ትርጉሙ ግን አልገባኝም ነበር። ኢንሹራንሱ እጁን ወደ ኪሱ ከመስደዱ በፊት እኔ ከኪሴ የምጨርሰው ገንዘብ ነው ለካ።

ማርች ላይ ሌሊት ጎኔን ወጋኝ። የኩላሊት ጠጠር ነበር። አምቡላንስ መጥራት ፈራሁ። ከ2022 ጀምሮ ያልታሰበ ቢልን፣ ማለትም ድንገተኛ የሕክምና ክፍያ መጠየቂያን፣ የሚከለክለው ሕግ የአየር አምቡላንስን እንጂ በመኪና የሚመጣውን አይሸፍንም። ላብ እያጠመቀኝ ራሴ ነድቼ ኢመርጀንሲ ገባሁ። ሲቲ ስካን ተነሳሁ፣ ማስታገሻ ተሰጠኝ፣ አራት ሰዓት ተኝቼ ጠዋት ወጣሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከኢንሹራንሱ ፖስታ መጣ። አናቱ ላይ በደማቁ «ይህ ቢል አይደለም» ይላል። ሆስፒታሉ የጠየቀው 11,400። ኢንሹራንሱ የተዋዋለበት ዋጋ 4,860። ኢንሹራንሱ የከፈለው 0። የእርስዎ ድርሻ 4,860። ኩሽና ውስጥ ቆሜ በጣቴ እየተከተልኩ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ካርዱ ዋጋውን ከግማሽ በላይ አውርዶልኛል፤ ይህን አልክድም። የቀረው ግን ሙሉ በሙሉ በእኔ ጫንቃ ላይ ወደቀ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልናገር። ለትርፍ ያልቆሙ ሆስፒታሎች አቅም ለሌለው ሰው የእርዳታ ፖሊሲ እንዲኖራቸው የኦባማኬር ሕግ ያስገድዳል። ይህን የነገረኝ ሆስፒታሉ አይደለም፤ ተሳፋሪ ነው። ቅጹን ጠይቄ ስሞላ ግማሹ ተሰረዘልኝ። ቢል የመጣበት ሰው ከመክፈሉ በፊት ይጠይቅ፤ እባካችሁ።

ያ ዜሮ ከየት መጣ? ብዬ አጥብቄ ጠየቅሁ። መልሱ ዋሽንግተን ነው። ሲልቨር የሚገዛ ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሰው ዲዳክቲብሉና ኮፔዩ (በየሕክምናው ከኪሱ የሚከፍለው ድርሻ) እንዲቀንስለት ሕጉ ያዛል። መንግሥት ለዚህ ቅናሽ ለኩባንያዎቹ ይከፍል ነበር። በኦክቶበር 2017 የትራምፕ አስተዳደር ክፍያውን አቆመው። ቅናሹ ግን ግዴታ ሆኖ ቀረ። ኩባንያዎቹም ወጪውን ሲልቨር ዋጋ ላይ ጫኑት። መንግሥት ከወርሃዊ ክፍያችን ላይ የሚሸፍነው ድጎማ የሚሰላው ደግሞ በአካባቢው ካሉት ሲልቨሮች በርካሽነት ሁለተኛ በሆነው ዋጋ ነው። ሲልቨር ሲወደድ ድጎማው አብሮ ያድጋል፤ ያደገው ድጎማ ብሮንዙን ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል። በ2021 ድጎማው በሕግ ሲጨመር ደግሞ ይባስ ሰፋ። እኔን የሳበኝ ዜሮ እንዲህ ነው የተወለደው።

በ2025 ሲልቨር ገባሁ። ከነዳጅና ከመኪና ወጪ በኋላ የሚቀረኝ 29,000 አካባቢ ነው። በዚህ ገቢ በወር 41 ዶላር ደረሰብኝ። ብሮንዝ በአማካይ ከወጪው 60 በመቶ ይሸፍናል፤ ተራ ሲልቨር 70። በእኔ ገቢ ያለው ሲልቨር ግን 87 በመቶ ነው። ዲዳክቲብሌ 700 ሆነ። ሴፕቴምበር ላይ ጠጠሩ ተመልሶ መጣ፤ ያው ሆስፒታል፣ ያው ስካን። ከኪሴ 1,310 ወጣ። የዓመቱን ወርሃዊ ክፍያ 492 ብትደምሩበት 1,802 ነው። ያለ እርዳታ ቅጽ!

ቅናሹ ሲልቨር ካልያዛችሁ አይሰጣችሁም። ለ2026 ገቢው እስከ 39,125 ዶላር የሆነ ብቸኛ ሰው ይመለከተዋል። ይህን ሳያውቅ ዜሮውን የሚጫን ሾፌር ስንቱ እንደሆነ ሳስብ ያንገበግበኛል።

ሲልቨሩም እንከን አለው። ድረ ገጹ ላይ በኔትወርክ ውስጥ ናቸው፣ ማለትም ከኢንሹራንሱ ጋር ተዋውለዋል፣ የተባሉ አራት የኩላሊትና የሽንት ቧንቧ ሐኪሞች ጋ ደወልኩ። ሁለቱ አንቀበልም አሉ፣ አንዱ ሥራ ቀይሯል። አራተኛው ከሰባት ሳምንት በኋላ ቀጠረኝ። ስልክ ላይ የሚያስጠብቁት ነገር ደግሞ አይነሳ። ብሮንዙን ከአምስት ሁለት፣ ሲልቨሩን አራት እሰጠዋለሁ።

ግን ዋጋው በ2026 ያው አይደለም። የ2021 የድጎማ ጭማሪ በ2025 መጨረሻ እንዲያበቃ ነበር የተጻፈው። ዴሞክራቶች ይራዘም አሉ፤ ሪፐብሊካኖች ውድ ነው፣ ገንዘቡም የሚገባው ኩባንያዎች ኪስ ነው አሉ። በዚህ ጠብ የፌዴራል መንግሥት ሥራ 43 ቀን ተዘጋ። ለዘለቄታው ቢራዘም በአሥር ዓመት 350 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚፈጅ የኮንግረስ የበጀት ቢሮ ገምቷል፤ ብዙ ገንዘብ ነው፣ ክርክሩ ይገባኛል። እኔ ግን ጭማሪው መቀጠል ነበረበት ባይ ነኝ። ሳይራዘም ጊዜው አለፈ። ያው ሲልቨር፣ ያው ገቢ፣ የእኔ 41 ዶላር 142 ሆነ። ከፍዬ ያዝኩት፤ ሌሊቱን አልረሳሁማ።

ኤርፖርት ተራ ላይ ከፊቴ የሚቆም ጓደኛዬ ግን አልቻለም። ዕድሜው 58 ነው። ገቢው ከድጎማው ጣሪያ ከ62,600 ትንሽ በመብለጡ ብቻ ድጎማው ሙሉ በሙሉ ተነሳበት። በወር ከ1,000 ዶላር በላይ ሲጠይቁት ተወው። ከ2019 ጀምሮ ኢንሹራንስ ባለመያዝ የፌዴራል ቅጣት የለም፤ ስለዚህ የሚጠይቀው የለም። አሁን የደም ግፊት መድኃኒቱን በካሽ ነው የሚገዛው።