ቴሌግራም ለሱቅ፦ ማሳያው ግሩም፣ መዝገቡ ደካማ

መርካቶ ጫማ የሚያከፋፍለውም፣ ቦሌ ቡቲክ የከፈተችውም፣ መገናኛ ስልክ የሚነግደውም ዛሬ ዕቃውን የሚያሳየው በቴሌግራም ቻናል ነው። ለዚህ ሥራ ከእሱ የተሻለ ነጻ መሣሪያ አናውቅም። ትዕዛዝ፣ ስቶክና ክፍያ ለመያዝ ግን አይሆንም፤ ብዙ ሱቅ የሚቸገረውም ሁለቱን ሥራ በአንድ ላይ ሲጭንበት ነው።

ቻናል የተከታይ ብዛት ገደብ የለውም፤ ግሩፕ 200,000 ላይ ይቆማል። የተለጠፈው ለተከታዩ ሁሉ ይደርሳል፤ እንደ ፌስቡክ ገጽ ማን ይየው ማን አይየው የሚል ማጣሪያ በመሃል የለም። በእጅ ማስገባት የሚቻለው የመጀመሪያዎቹን 200 ሰዎች ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሰው የሚመጣው በሊንክ ነው። ይህን ወደ ጥቅም መለወጥ ይቻላል፦ ለካርቶን ላይ ስቲከር አንድ ሊንክ፣ ለቲክቶክ ሌላ፣ ለሱቁ በር ሦስተኛ ሊንክ አውጥቶ እያንዳንዱን መሰየም። በየትኛው ስንት ሰው እንደገባ ቴሌግራም ራሱ ይቆጥራል፤ የማስታወቂያ ብር የት መዋል እንዳለበት ከዚህ በላይ የሚናገር ነገር የለም። ተከታይ መግዛት ግን ብር መጣል ነው። 20,000 ተከታይ ኖሮት ፖስቱ 300 ዕይታ ብቻ የሚያገኝ ቻናል ደንበኛም ወዲያው ያውቀዋል።

አንድ ፖስት እስከ 10 ፎቶ ይይዛል፤ ከፎቶ ሥር የሚጻፈው በነጻው አካውንት 1,024 ፊደል ነው። ይበቃል። ጥሩ ፖስት እንዲህ ነው፦ «ኮድ 214። የወንድ ቆዳ ጫማ። ከ40 እስከ 44፣ ጥቁርና ቡናማ። 4,200 ብር፣ እስከ ቅዳሜ። ዴሊቨሪ አለ።» ኮዱ ሻጭና ደንበኛ ስለ አንድ ዕቃ እንዲነጋገሩ ያደርጋል። ዋጋው በግልጽ ይጻፍ። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለው ልማድ ሻጩን ቀኑን ሙሉ ለአንድ ጥያቄ አንድ መልስ ሲጽፍ ያውለዋል፤ መልሱ ሲዘገይ ደግሞ ገዢው ቀጣዩን ቻናል ይከፍታል። «እስከ ቅዳሜ» የሚለውም ትልቅ ሥራ አለው። ቻናሉ ላይ ያለውን ፖስት አርሞ «ተሽጧል» ማለት ይቻላል፤ ፎርዋርድ የተደረገው ቅጂ ግን አብሮ አይታረምም። የዛሬ ሁለት ወር ዋጋ ሰው እጅ ላይ ይዞር ይሆናል፣ ገዢውም ያንን ይዞ ይመጣል።

ብዙዎች ልብ የማይሉት የፊደል ጉዳይ ነው። የቴሌግራም ፍለጋ «ፀጉር»ንና «ጸጉር»ን አንድ ቃል ብሎ አይቆጥርም። ሻጯ «የፀጉር ቅባት» ብላ ከለጠፈች፣ «ጸጉር» ብላ የምትፈልግ ደንበኛ ባዶ ገጽ ይመጣባታል፤ ዕቃው ግን አለ። ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ ባሉበት ቃል ሁሉ ይህ ያጋጥማል። መፍትሔው ከፖስቱ ግርጌ ሁለቱንም አጻጻፍ ማስቀመጥ ነው፦ #ፀጉር #ጸጉር። ፖስት በቀጠሮ ሲላክም ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑ አይረሳ፤ ማታ 2 ሰዓት ለማለት 20፡00 ነው የሚሞላው፤ 2፡00 ከተባለ ሌሊት ሰው ተኝቶ ሳለ ይወጣል።

ወደ ድክመቱ እንምጣ። የቀረው አንድ 42 ቁጥር ነው እንበል። አንዱ ሠራተኛ በውስጥ መስመር ለአንድ ደንበኛ «አለ» ይላል፤ ሌላውም በዚያው ደቂቃ ለሌላ ሰው «አለ» ብሎ ክፍያ ይቀበላል። የሠራተኞች ግሩፕ ይህን አያድንም፤ መልእክቱ በድምፅና በፎቶ መሃል ወደ ላይ ሄዶ ይጠፋል። እዚህ ላይ ሁሉም በየስልኩ የሚከፍተው አንድ የጉግል ሺትስ ሠንጠረዥ ያስፈልጋል፦ ቀን፣ ኮድ፣ ቁጥር፣ ቀለም፣ የደንበኛ ስልክ፣ ሰፈር፣ የክፍያ መለያ ቁጥር፣ ሁኔታ። ሁኔታው ከዝርዝር የሚመረጥ ይሁን፦ ታዘዘ፣ ተከፈለ፣ ወጣ፣ ደረሰ፣ ተመለሰ። በእጅ ከተጻፈ አንዱ «ደርሷል»፣ ሌላው «ደረሰ» እያለ ቆጠራው ይበላሻል። የስልኩን ዓምድ አስቀድሞ ወደ ጽሑፍ መቀየር ግድ ነው፤ አለዚያ የ09 መጀመሪያ ዜሮ ይጠፋል።

በክፍያ ላይ ስክሪንሾት ማስረጃ አይደለም፤ ስምና ብር ቀይሮ ማቀናበር የደቂቃ ሥራ ነው። ዕቃ ከመውጣቱ በፊት ገንዘቡ መግባቱ በባለሱቁ በራሱ የቴሌብር ወይም የባንክ መተግበሪያ ላይ ይታይ። ሌላም ማጭበርበሪያ አለ፦ እውነተኛው ደረሰኝ ለሁለት ሠራተኞች ለየብቻ ይላካል። የመለያ ቁጥሩ ዓምድ ላይ በካውንትኢፍ (COUNTIF፣ አንድ ነገር ስንት ጊዜ እንደተጻፈ በሚቆጥር) ቀመር የተደገመውን ቀይ እንዲሆን ማድረግ ይህን ወዲያው ያጋልጣል።

ሠራተኞች ሁሉ በአንድ አካውንት መግባታቸው መጥፎ ልማድ ነው። እያንዳንዱ በራሱ አካውንት አድሚን ይሁን፤ መለጠፍ ይፈቀድለት፣ የሌላውን ፖስት መሰረዝና አድሚን መጨመር ይከልከል። ማን ምን እንዳደረገ የሚያሳየው መዝገብ የ48 ሰዓት ብቻ ስለሆነ፣ ነገር ሲያጠራጥር በዚያው ቀን ማየት ነው። የባለቤቱ አካውንት ባለሁለት ደረጃ የይለፍ ቃልና የሚሠራ ኢሜይል ይኑረው፤ ሲሙ ተዘግቶ ቁጥሩ ለሌላ ሰው ከተሸጠ የመግቢያ ኮዱ የሚደርሰው ለአዲሱ ባለቤት ነው። ቻናሉን ለሌላ ሰው ለማስተላለፍም ይህ የይለፍ ቃል ቢያንስ 7 ቀን የቆየ መሆን አለበት፤ ሱቅ በሚሸጥበት ቀን ማብራት አያገለግልም። የትዕዛዝ ቦት (በቴሌግራም ውስጥ ትዕዛዝ በራሱ የሚቀበል ፕሮግራም) የሚያሠራም ቦቱን በራሱ አካውንት ይክፈትና ለባለሙያው ቶከኑን፣ ማለትም ቦቱን የሚያዝበትን ቁልፍ ኮድ፣ ብቻ ይስጥ፤ ሥራው ሲያልቅ ቶከኑን ይቀይር።

እ.ኤ.አ. በ2024 የመጡት የንግድ አማራጮች፣ ማለትም የሥራ ሰዓት፣ ፈጣን ምላሽና የሰላምታ መልእክት፣ ፕሪሚየም ለከፈለ ናቸው። ለትንሽ ሱቅ አንቸኩልም፤ ዝግጁ መልሶችን «የተቀመጡ መልእክቶች» ውስጥ አኑሮ መቅዳት ፈጣን ምላሹን ይተካል።

በየካቲት 2015 ዓ.ም ቴሌግራም አገር ውስጥ ተገድቦ እስከ ሐምሌ ቆይቷል። ደንበኛውን በቻናል ብቻ ያወቀ ነጋዴ ያን ጊዜ ለማን እንደሚደውል አያውቅም ነበር። የሠንጠረዡ የስልክ ዓምድ የሚጠቅመው እንዲህ ባለ ቀን ነው፤ በኮምፒውተሩ ቴሌግራምም የቻናሉን ታሪክ ከነፎቶው በወር አንድ ጊዜ ወደ ፍላሽ ማውረድ ይቻላል።