ጠፍጣፋነት ወይስ የገጽ ፕሮፋይል?

ሁለቱም በድሮዊንግ (በቴክኒክ ሥዕል) ላይ የሚጻፉ፣ አንድ ገጽ ከትክክለኛው ቅርጽ ምን ያህል ሊዛነፍ እንደሚፈቀድ የሚናገሩ ምልክቶች ናቸው። የሞተር ቴስታታን የታችኛውን ገጽ እንውሰድ። ከተጣመመ ጋስኬቱ በደንብ አይዘጋም፣ ጋዝ ያፈሳል። ድሮዊንጉ ላይ ጠፍጣፋነት 0.05 ከተጻፈ፣ ገጹ በሙሉ በ0.05 ሚሊሜትር በተራራቁ ሁለት ትይዩ ጠለሎች መካከል መገኘት አለበት። ዴተም፣ ማለትም ልኬቱ የሚነሳበት ማጣቀሻ፣ አይጠይቅም። ስለዚህ ገጹ ቢያዘነብል የጠፍጣፋነት ጉዳይ አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው።

የገጽ ፕሮፋይል ግን እንደ ተርባይን ምላጭ ላለ ጠመዝማዛ ገጽም ይሠራል። 0.2 ሲባል፣ ሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ ከትክክለኛው ቅርጽ 0.1 ወደ ውጭ፣ 0.1 ወደ ውስጥ ነው። ከዴተሞች ጋር ሲታሰር ከቅርጹ ሌላ አቅጣጫውንና ቦታውንም ይይዛል። ለመለካት ግን ብዙ ጊዜ ሲኤምኤም (የገጹን ነጥቦች አንድ በአንድ የሚለካ) ማሽን ይፈልጋል። ቦታው ለማያሳስብ ጠፍጣፋ ገጽ ይህን መጻፍ፣ እንደኔ፣ ወርክሾፑን በከንቱ ማድከም ነው።