ኤርላንግ ከወራት በኋላ፦ ልቤን የገዛው ማራገፉ ነው

ኤርላንግ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የመረጥኩት ብዙ ግንኙነት ይችላል ስለተባለ ነበር። በዚህ በኩል አላሳፈረኝም። ልቤን የገዛው ግን ሰርቨሩ ሳይቆም አንዱን ሞጁል (የፕሮግራሙን አንድ ክፍል) ከማህደረ ትውስታ አራግፎ ሌላውን የሚጭንበት ሥርዓት ነው።

ሰርቨራችን ከጭነት መኪናዎች መከታተያ መሣሪያዎች ጋር እንደተገናኘ ውሎ ያድራል። መልእክት ተቀብሎ ርቀት የሚያሰላው ሞጁል በሥራ ሰዓት መታረም ነበረበት። አዲሱን ጫንኩት፤ አንድም መሣሪያ አልተቋረጠም።

መጫን ብቻውንማ ብርቅ አይደለም። ፓይተን የተባለው ቋንቋም በፈለጉት ሰዓት ይጭናል፤ ሞጁሉን ከተጫኑት ዝርዝር ቢሰርዙትም ግን ቀድመው የተፈጠሩት ነገሮች አሮጌውን ኮድ እንደያዙ ይቀራሉ። በሲ ቋንቋ ደግሞ ላይብረሪው (ተለይቶ የሚጫነው የኮድ ስብስብ) ከተራገፈ በኋላ ወደ እሱ የሚያመለክት አድራሻ ከተጠራ ፕሮግራሙ ይወድቃል። ኤርላንግ ቁርጡን ይናገራል። የአንድ ሞጁል ሁለት ቅጂዎች ብቻ አብረው ይኖራሉ፦ የአሁኑና አሮጌው። ፕሮሰሱ (በፕሮግራሙ ውስጥ ራሱን ችሎ የሚሄድ ሥራ) ተግባሩን ከነሞጁሉ ስም ሲጠራ ወደ አዲሱ ይሻገራል። ሦስተኛ ከመጫኑ በፊት አሮጌው መራገፍ አለበት። «ፐርጅ» ካሉት አሮጌውን የያዘውን ፕሮሰስ ገድሎ ያራግፋል፤ «ሶፍት ፐርጅ» ካሉት ግን ያዥ ካለ ማንንም ሳይነካ እምቢ ይላል።

አንድ ቀን እምቢ አለኝ። ፕሮሰሶቹን አንድ በአንድ ስፈትሽ አሮጌውን የያዘው ጋራዥ የቆመን አንድ መኪና የሚከታተል ፕሮሰስ ሆኖ ተገኘ፤ መልእክት እየጠበቀ ነበር። መልእክት ላክሁለት፤ ተሻገረ፤ ማራገፉም ተሳካ። ይህን ያህል ግልጽነት ሌላ ቦታ አላገኘሁም።

«ለምን ትደክማለህ? አዲስ ኮንቴይነር አስነሥተህ አሮጌውን ዝጋው» የሚሉኝ ሻጮች አሉ፤ ኮንቴይነር የሚሉት ፕሮግራሙ ተነጥሎ የሚሠራበትን ማቀፊያ ነው። ለተራ ድረ ገጽ ይሁን እሺ። እኔ ዘንድ ግን አሮጌውን መዝጋት ማለት መሣሪያዎቹን ሁሉ አቋርጦ በደካማ የሞባይል ኔትወርክ እንደገና እስኪገናኙ መጠበቅ ነው። ይህ ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1986 በኤሪክሰን የተጀመረው ለስልክ ማዞሪያ ሥራ ነው፤ ሰው እያወራ ማዞሪያው ሊጠፋ አይችልም። የእኔም ችግር ያው ነው።

ሙሉውን ሥርዓት ከስሪት ወደ ስሪት የሚያሻግሩት የማሻሻያ ፋይሎች አጻጻፍ አድካሚ ስለሆነ አልጠቀምባቸውም። የመረጃው ቅርጽ የሚለወጥ ከሆነ ሌሊት ጠብቄ ሰርቨሩን አጥፍቼ አስነሣለሁ። የሚለወጠው ስሌት ብቻ ሲሆን ግን በጠራራ ፀሐይ፣ መኪናዎቹ መንገድ ላይ እያሉ እለውጠዋለሁ።