«ማንበቢያው ሞቷል» የተባለልኝን ላፕቶፕ ላስነሳችልኝ ባለሙያ

ይህን የምጽፈው ለምስጋና ነው። ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና የምትጠቀሙ፣ በተለይ አሮጌ ላፕቶፕ ይዛችሁ የምትታገሉ፣ አንብቡልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የካሜራዬን ሜሞሪ ላፕቶፑ ጎን ባለው ቀዳዳ ስከተው ዝም ጭጭ። ምልክት የለ፣ የስህተት መልእክት የለ። አንድ ቦታ ባሳየው «ማንበቢያው ሞቷል፣ ይቀየር» አሉኝ። እኔ ግን አላመንኩም። ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ከፍቼ ሞድፕሮብ በሚባለው ትእዛዝ «ቲአይኤፍኤም-ኤስዲ» የሚባለውን ሞጁል (ዕቃውን የሚያሠራ የፕሮግራም ቁራጭ) በእጄ ስጭነው ሜሞሪው ወዲያው ይከፈታላ! የሞተ ነገር ስሙ ሲጠራ አይነሳም። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ ባበራሁ ቁጥር ግን ያው እንደገና መጻፍ ነው። ወራት እንዲህ ኖርኩ።

በወዳጅ ጥቆማ ያገኘኋት ባለሙያ ካቻቢቴ እንኳ አላነሳችም። ዕቃ ሲሰካ የሚቀበለውን የሊኑክስ ፕሮግራም፣ የዩዴቭን፣ መከታተያ ከፈተችና «በል፣ አውጥተህ መልሰህ ክተተው» አለችኝ። ከተትኩት። መስመሮች ተከታትለው ወጡ። ጣቷን አንዱ ላይ አሳረፈች፤ የካርድ ዓይነት፦ ኤስዲ ይላል። «ይኸው፣ ከርነሉ፣ ማለትም የሊኑክስ እምብርት፣ አይቶታል። ተናግሯልም። ሰሚ ነው ያጣው።»

ከዚያ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ፤ ይህንን ሁሉም አያደርገውም። ከርነሉ አዲስ ዕቃ ሲያገኝ አብዛኛውን ጊዜ ሞዳሊያስ የሚባል መለያ ጽሑፍ ይልካል። ዩዴቭ ያንን ይዞ የሚስማማውን ድራይቨር (ዕቃውን የሚያሠራውን ሞጁል) ፈልጎ ይጭናል። የኔ ማንበቢያ ቺፑ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ነው፤ የቺፑ ድራይቨር በዚሁ መንገድ ያለ ችግር ይጫን ነበር። ውስጡ የሚገባው ካርድ ግን ሞዳሊያስ የለውም። የሚነገረው ዓይነቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ዩዴቭ ለእነዚህ ካርዶች ለብቻ የተጻፈ ደንብ አለው፦ ኤስዲ ከሆነ ይህን ጫን፣ ሜሞሪ ስቲክ (ሌላ የካርድ ዓይነት) ከሆነ ያንን ጫን የሚል።

ታዲያ ደንቡ የት ገባ? እዚህ ጋ አፈርኩ። ድሮ የሆነ ነገር ስሞክር ደንቡ ያለበትን ፋይል ስሙን ሳልቀይር፣ ኢቲሲ በሚባለው የሲስተም ቅንብሮች ማህደር ሥር ወዳለው የዩዴቭ ደንቦች ማህደር ገልብጬ፣ የማያስፈልጉ የመሰሉኝን መስመሮች ሰርዤ ነበር። እዚያ የተቀመጠ ፋይል ደግሞ የሲስተሙን ተመሳሳይ ስም ያለው ፋይል ይጋርደዋል። ሲስተሙን ባደስኩት ቁጥር የሚነበበው ያው የኔ ጎዶሎ ቅጂ ነው።

«ታዲያ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ሞጁሉ ሁሌ እንዲጫን ዝርዝር ውስጥ ጻፊውና እንገላገል» አልኳት። ሳቀች። «ይሠራል። ሌላ ዓይነት ካርድ የከተትክ ቀን ግን መልሰህ ትደውልልኛለህ።» ደንበኛ እንዲመለስላት የምትፈልግ ብትሆን እሺ ትለኝ ነበር።

ቅጂዬን ከቦታው አነሳች፤ ዩዴቭ ደንቦቹን እንደገና እንዲያነብ አዘዘች፤ በእጄ የጫንኩትንም ሞጁል አራገፈች። ከዚያ ሜሞሪውን ሰጠችኝ። ከተትኩት፣ አንድ ቁልፍ ሳልነካ ፎቶዎቼ ድርግም አሉ። የቀየረችውን ሁሉ በአንድ የጽሑፍ ፋይል መዝግባ ዴስክቶፑ ላይ አስቀመጠችልኝ። የጠየቀችኝም የሠራችበትን ብቻ ነው። እጇ ይባረክ!

ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እንድሰጥ ፈቅዳልኛለች። ስትሄዱ ግን የነካካችሁትን አትደብቋት። ለማንኛውም ታገኘዋለች።