በእጅ የምትጨመቀው ሮኬት፦ ካሜራዬን ያቆየችልኝ መንፊያ

ካሜራዬ ካኖን 6ዲ ነው። ሞዴሉ የወጣው በ2012 እ.ኤ.አ. ሲሆን እኔ ያገለገለ የገዛሁት በ2009 ዓ.ም. ነው። አምራቹ ሹተሩ፣ ማለትም ፎቶ ሲነሣ የሚከፈትና የሚዘጋው መጋረጃ፣ 100,000 ጊዜ ይሠራል ብሎ ገምቶት ነበር። የእኔው ባለፈው ዓመት ሲቆጠር 163 ሺህ ደርሷል፤ ዛሬም ሥራ ላይ ነው። ሹተሩ የዕድል ጉዳይም ነው። ሌንሱና ሴንሰሩ (ካሜራው ውስጥ ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ግን እስካሁን ንጹሕ የሆኑት በአንዲት የጎማ መንፊያ ነው። ጊዮቶስ ሮኬት ትባላለች።

መልኳ እንደ ስሟ ነው። ሆዷ እንቁላል የመሰለ ጥቁር ጎማ ነው፤ ከታች ክንፍ፣ ከላይ ቀጭን አፍንጫ አላት። በክንፎቿ ጠረጴዛ ላይ ቀጥ ብላ ስለምትቆም አፍንጫዋ አቧራ አይነካም። ስትጨምቋት አየሩ በአፍንጫዋ ይወጣል። ስትለቋት ግን አዲስ አየር የምትስበው ከሥሯ ባለች ትንሽ ቫልቭ ነው። የወደድኳት በዚህ ነው። ርካሾቹ መንፊያዎች በዚያው ባወጡበት አፍንጫ መልሰው ይስባሉ። አሁን ያስነሡትን አቧራ ውጠው በሚቀጥለው ጭመቃ ሴንሰሩ ላይ ይተፉታል።

እሷን ከማወቄ በፊት የሆነውን ልንገራችሁ። ለጥምቀት ጃንሜዳ ዋልኩ። ሕዝቡ ታቦታቱን ተከትሎ ሲተም አቧራው ተነሣ፤ ሌንሴ ላይ ቡናማ ዱቄት የተነሰነሰ መሰለ። በነጠላዬ ጫፍ ጠረግ ጠረግ አደረግኩት። ነጠላ ለስላሳ ነው፣ ምን ያደርገዋል ብዬ ነው። ማታ ቤት ገብቼ መብራት ሥር ሳየው፣ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ጭረቶች ከዳር እስከ ዳር ተጋድመውበታል። የጫረው ነጠላው አይደለም። አቧራው ውስጥ ከሌንሱ ሽፋን የሚጠነክር ደቃቅ አሸዋ አለ፤ ነጠላው እሱን ይዞ ነው የፈገፈገው። አለቀስኩ። ሌንሱ ዛሬም አለኝ፤ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትሆን ምስሉን ጭጋግ ያለብሰዋል።

ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ አየር ነው፣ ቀጥሎ ለስላሳ ብሩሽ፣ ጨርቅ የመጨረሻው። ከሥራ ስገባ በቅድሚያ አቧራ የዋለበትን ልብሴን እቀይራለሁ፤ መስኮትም እዘጋለሁ። ሌንሱን ከመፍታቴ በፊት ሌንሱና ካሜራው የሚጋጠሙበትን ቀለበት ዙሪያውን እነፋለሁ። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ቀለበቱ ላይ የተኛው አቧራ ሌንሱ ሲፈታ ቀጥታ ወደ ውስጥ ነው የሚገባው።

ሴንሰሩ ላይ አቧራ መኖሩን ለማወቅ አፐርቸሩን (የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ) 16 ላይ አድርጌ ጥርት ያለ ሰማይ አነሳለሁ። ግራጫ ነጠብጣብ ካየሁ፣ ባትሪው ሙሉ መሆኑን አረጋግጬ ከሜኑው ላይ በእጅ የሚጸዳበትን እመርጣለሁ። ባትሪ መሀል ላይ ካለቀ፣ ሴንሰሩ እንዲታይ የተከፈቱት መስታወቱም ሹተሩም ሊዘጉ ስለሚችሉ ነው። ካሜራውን አፉን ወደ መሬት ደፍቼ ስምንት አሥር ጊዜ እነፋለሁ፤ የረገፈው ወደ ታች ይወርዳል። የመንፊያዋ አፍንጫ ወደ ውስጥ አይገባም፣ ከአፉ ውጭ ነው የሚቆመው። በአፍ እፍ ማለትማ ፈጽሞ አይሆንም፤ ምራቅ ይረጫል።

አንድ ሱቅ በቆርቆሮ የታሸገ አየር "ለሴንሰር ነው" ብሎ ሸጦልኝ ነበር። ቆርቆሮው ዘንበል ሲልብኝ በረዶ የመሰለ ፈሳሽ ወጣና ሴንሰሩ ላይ ነጭ እድፍ ጣለ። እያለቀስኩ ካሜራ ጠጋኝ ዘንድ ሄድኩ። ሽማግሌው ጋሼ በትዕግሥት አጸዱልኝና "ልጄ፣ ከእንግዲህ በእጅሽ ከምትጨምቂው በቀር ሌላ አየር እንዳታስገቢበት" አሉኝ። ሮኬቷን ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው።

ለውሃም ትሆናለች። ጎንደር፣ ፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት ዳር ቆሜ ጸበሉ ሲረጭ ካሜራዬም እኔም ረጠብን። 6ዲ ትንሽ ጠብታ ይችላል፤ ይዤው የነበረው 50 ሚሊሜትር ሌንስ ግን ውሃ መከላከያ የለውም። ወዲያው ጠብታዎቹን በመንፊያዋ አባረርኩ፤ ከዚያ ነው በማይክሮፋይበር ጨርቅ የነካሁት።

የማትችለውም አለ። የጣት ቅባት ወይም የተጣበቀ እድፍ አታነሣም፤ ለሱ ጠጋኝ ዘንድ መሄድ ነው። ሻጋታም አትከለክልም። የክረምት እርጥበት ሌንስ ውስጥ የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ ያበቅላል፤ በስፖንጅ የተሠራ ቦርሳ ደግሞ እርጥበቱን አቅፎ ይይዛል። ስለዚህ ከሰኔ እስከ መስከረም ሌንሶቼን የማኖረው ክዳኑ ጎማ ባለው የምግብ ዕቃ ውስጥ ነው፣ እርጥበት ከሚመጠው ሲሊካ ጄል ጋር። ሲሊካው ቀለሙን ሲቀይር አደርቀዋለሁ ወይም በአዲስ እተካዋለሁ።

ለምትገዙ፦ ትልቋን ውሰዱ፣ 19 ሴንቲሜትር አካባቢ የምትረዝመውን። ትንሿ ለቦርሳ ትመቻለች እንጂ ጉልበት የላትም። አዲስ ስትሆን ከካሜራው ርቃችሁ ሠላሳ ጊዜ ያህል ጨምቋት፤ ከፋብሪካ የቀረ ዱቄት ውስጧ ሊኖር ይችላል። ቦርሳ ውስጥ ስትሆን በንጹሕ ፌስታል ጠቅልሏት።

የመጀመሪያዋን እህቴ ከዱባይ አምጥታልኝ ስድስት ዓመት ሆናት፤ ጎማዋ አልተሰነጠቀም። አሁን ሁለተኛ አስመጥቻለሁ። አሮጊቷ ቤት ጠረጴዛዬ ላይ ቆማለች፣ አዲሷ ከካሜራዬ ጋር ትዞራለች።