ከአውሮፕላን የወጣ የናፍታ ሞተር ለአሮጌ ቫን ብላችሁ እንዳትገዙ

ጀርመን ያላችሁ፣ አሮጌ ቫን ገዝታችሁ አልጋና ምድጃ ልትገጥሙለት ያሰባችሁ ወገኖች፣ ይህን ሳታነቡ ለማንም ቀብድ እንዳትሰጡ።

የእኔ ቫን ቮልስዋገን ቲ3 ነው፣ የ1986 ሞዴል። ሞተሩ ከኋላ ነው፤ 1.6 ናፍታ፣ 50 የፈረስ ጉልበት። ዕቃ ከተጫነበት የካሰልን ዳገት እያቃሰተ ነው የሚወጣው። ከባድ መኪና ሳይቀር ክላክስ እያደረገ ያልፈኛል። ስለዚህ አንድ ሰው «ከትንሽ አውሮፕላን የወጣ የናፍታ ሞተር አለኝ፤ 135 የፈረስ ጉልበት፣ 2,500 ዩሮ» ሲለኝ ልቤ ቅቤ ጠጣ። «የሠራው 1,000 ሰዓት ብቻ ነው፤ ሰማይ ላይ ያልከዳ ሞተር መሬት ላይ ይከዳሃል?» አለኝ። 700 ዩሮ ቀብድ በእጁ ሰጠሁት።

ሞተሩ ሴንቱሪዮን 1.7 ይባላል፤ ቲለርት የተባለ የጀርመን ኩባንያ ሥራ ነው። ኩባንያው በ2008 ከስሯል፤ በኋላ ሌሎች ገዙት። ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። የዚህ ሞተር መነሻ የመርሴዲስ ኤ-ክላስ፣ ያቺ ትንሿ የቤት መኪና፣ የናፍታ ሞተር ነው። እነሱ የመኪና ሞተር ወስደው ለአውሮፕላን አመቻቹት። እኔ ደግሞ መልሼ መኪና ላይ ላስረው ገንዘብ ከፈልኩ!

ያ «1,000 ሰዓት ብቻ» የተባለው ደግሞ ፋብሪካው ለሞተሩ የሰጠው ዕድሜ ነበር። ከዚያ በኋላ አይታደስም፤ ወርዶ በሌላ ይተካል። መኪና ላይ ሞተር ብዙውን ጊዜ ከጉልበቱ ጥቂቱን ነው የሚያወጣው። አውሮፕላን ላይ ግን ለሰዓታት በከፍተኛ ጉልበት ይሠራል። ሰዓቱን በኪሎሜትር አስልቶ የሚያሳያችሁን ሰው አትመኑ።

አንድ ያገሬ ልጅ መካኒክ ይዤ ሄድኩ። ሞተሩን በባትሪ እያበራ ዞረው። ከዚያ እጁን ጫፉ ላይ አሳርፎ «ጋሼ፣ ካምቢዮውን የት ላይ ሊያስሩት ነው?» አለኝ። ፍሪሲዮንና ካምቢዮ በሚታሰሩበት በኩል ለፕሮፔለር የተሠራ ማርሽ አለ። ሞተሩ በደቂቃ 3,900 ሲዞር ፕሮፔለሩን ወደ 2,300 ዙር የሚያወርድ ነው። ኮምፒውተሩም ፔዳል አያውቅም፤ አብራሪው በአንድ ዘንግ ያዘዋል፣ ፕሮፔለሩንም እሱው ይቆጣጠራል። የድሮ ናፍታ ቢሆን በሽቦ ጎትተን እናስነሳው ነበር አለኝ ልጁ። ይሄኛው ኮመን ሬይል ነው፤ ያለ ኮምፒውተሩ ጠብታ ናፍታ አይረጭም።

ተስፋ አልቆረጥኩም፤ መኪና የሚመረምረው ድርጅት፣ ቲዩቭ ሄድኩ። መርማሪው የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፤ የጭስ ደረጃው ወረቀት የታለ? ሞተሩ ያለው ወረቀት ለመብረር የተሰጠ ነው፤ የመኪና የዩሮ ደረጃ የለውም። ያለዚያ ወረቀት ቅያሪው አይጸድቅም። ሳያጸድቁ መንዳት ማለት ደግሞ ያለ መንገድ ፈቃድ መንዳት ነው፤ አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱም ሌላ ራስ ምታት ነው። የኤች ታርጋዬም በዚያው ይሄድ ነበር። ቫኔን ከነጭሱ ከተማ መሀል የሚያስገባልኝ እሱ ነው፤ የሚሰጠውም 30 ዓመት ለሞላው፣ የዘመኑን ይዘት ለጠበቀ መኪና ነው።

ቀብዴን ስጠይቅ «ቀብድ አይመለስም» ተባልኩ። ውል አልጻፍንም፣ ደረሰኝ የለኝም። 700 ዩሮዬን ውሃ በላው።

ጉልበት የቸገራችሁ የቮልስዋገኑን 1.9 ቲዲአይ የናፍታ ሞተር ፈልጉ። ቲ3 ላይ በብዙ ሰው እጅ የተገጠመ ነው፤ ማገናኛው ይሸጣል፣ የመኪና ወረቀትም አለው። እሱንም ቢሆን መጀመሪያ ቲዩቭ ጠይቁ፣ ከዚያ ግዙ።

የሰውየው ማስታወቂያ አሁንም አለ። ዋጋውን 1,900 አድርጎታል፤ የሠራበትን ሰዓት ግን ከጽሑፉ ላይ አጥፍቶታል።