ለተለጣፊ ወረቀት ገንዘብ አትክፈሉ፦ «የ1959 ፒክአፕ» ተብሎ ስለተሸጠልኝ ዕቃ

ያገለገለ የኤሌክትሪክ ጊታር ፒክአፕ (ከክሮቹ ሥር ሆኖ ንዝረታቸውን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ዕቃ) ለመግዛት ያሰባችሁ ሁሉ፣ ይህን የምጽፈው እኔ የተታለልኩበት መንገድ እናንተንም እንዳያታልላችሁ ነው። ከወራት በፊት «በ1959 እ.ኤ.አ. የተሠራ የጊብሰን ፓፍ» (ጊብሰን የአሜሪካ ጊታር ፋብሪካ ነው፤ «ፓፍ» ደግሞ «የፓተንት ጥያቄ ቀርቧል» የሚለው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ምህጻር) ተብሎ የቀረበልኝን ሃምበከር፣ ማለትም ባለ ሁለት ጥቅል ፒክአፕ፣ ገዛሁ፤ የከፈልኩት ገንዘብ ደህና አዲስ ጊታር ይገዛ ነበር። ሻጩ ያሳየኝ ማስረጃ ሁለት ብቻ ነበር፦ ከሥሩ የተለጠፈች ጥቁር ወረቀትና በቴስተር የተነበበ 8.3 ኪሎ ኦም (የሽቦው ኤሌክትሪክን የመቋቋም መጠን)።

ወረቀቷ ምን እንደሆነች ልንገራችሁ። ከፓፍ በፊት የነበሩት ፒክአፖች፣ ለምሳሌ በ1946 የወጣው ፒ-90፣ አንድ ጥቅል ሽቦ ብቻ ስለነበራቸው ከመብራት መስመርና ከትራንስፎርመር የሚመጣውን ጥዝዝታ ከክሩ ድምፅ ጋር ወደ አምፕሊፋየሩ ይልኩ ነበር። የጊብሰኑ መሐንዲስ ሴዝ ላቨር ሁለት ጥቅሎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ የአንዱን የማግኔት ዋልታም የሽቦ አቅጣጫም ከሌላው ሲያገላብጠው፣ የክሩ ድምፅ ተደመረ፣ ጥዝዝታው ግን እርስ በርሱ ተጣፋ። የፓተንት ጥያቄው በ1955 ቀረበ፤ «ጥያቄ ቀርቧል» የምትለው ወረቀት ደግሞ ፓተንቱ በ1959 ከተሰጠ በኋላም እስከ 1962 ገደማ መለጠፏ አልቀረም። እርሷን የተካችው ወረቀት የያዘችውም የዚህን ፒክአፕ ሳይሆን ክሮቹ ለሚታሰሩበት ብረት የተሰጠውን የፓተንት ቁጥር ነው። ፋብሪካው ራሱ በወረቀቱ እንዲህ ከቀለደ፣ ወረቀቷን አምኜ መግዛቴ አሁን ያስቀኛል። ወረቀቷን ደግሞ ማንም ማተሚያ ያለው ሰው ያባዛታል።

የኦም ንባቡም ከዚህ የተሻለ ምስክር አይደለም። የሚነግረን የሽቦውን ርዝመትና ቅጥነት ብቻ ነው፤ ከ42 ቁጥር ይልቅ ቀጭኑ 43 ቁጥር ሽቦ በጥቂት ዙር ያንኑ ንባብ ይሰጣል፣ ስለ ማግኔቱ ግን ምንም አይናገርም። እውነተኞቹ ፓፎች ራሳቸው የዙራቸው ብዛት ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያይ ነበር፤ ማግኔታቸውም አንድ ዓይነት አልኒኮ (የአሉሚኒየም፣ የኒኬልና የኮባልት ቅይጥ) ብቻ አልነበረም። ስለዚህ «ትክክለኛው የ1959 ድምፅ» እያለ የሚሸጥላችሁን ሰው የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ጠይቁት።

ጊታሬ ላይ ስገጥመው የሰማሁት ድምፅ ጠጣርና ኃይለኛ ነበር፤ ቀስ ብዬ ስመታ እንኳ አምፕሊፋየሩ ቶሎ ይሻክራል። ሽፋኑን ሳነሳ (በእውነተኛ ፓፍ ላይ ይህን አታድርጉ፣ ያልተነካ ብየዳ የዋጋው አካል ነው) በጥቅሎቹ መካከል የደረቀ ሰም አገኘሁ፤ የዚያ ዘመን ፓፎች ግን በሰም አልተነከሩም። ማግኔቱ ወፍራምና ጥቁር ስለነበር የቴስተሩን ሁለት ጫፎች አስነካሁት። አልኒኮ ብረት በመሆኑ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ይህ ግን አላስተላለፈም፣ ሴራሚክ ነው። በ1972 የወጣው የዲማርዚዮ ኩባንያ ፒክአፕ፣ ሱፐር ዲስቶርሽን፣ በጠንካራ የሴራሚክ ማግኔት አምፕሊፋየርን እስኪያሻክር መግፋትን ካስለመደ በኋላ የመጣውን ድምፅ ነው በ1959 ዋጋ የገዛሁት። ከቴፑ ሥር ደግሞ የተቆረጡ ባለ አራት ቀለም ሽቦዎች ጉማጆች ነበሩ፤ የውጪው የተጎነጎነ የብረት ሽቦ በኋላ የተበየደ ነው። እውነተኛው ፓፍ የሚወጣው በአንድ እንደዚያ ባለ ሽቦ ብቻ ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት የሥሩንና የሽቦውን መውጫ በቅርበት የሚያሳይ ፎቶ ጠይቁ፤ «ኦሪጅናል ካልሆነ ገንዘብ ይመለሳል» የሚል ቃልም በጽሑፍ ይኑራችሁ። እኔ አልነበረኝም። ሻጩን ሳነጋግረው «ምናልባት ማግኔቱን አንድ ሰው ቀይሮት ይሆናል» አለኝ፤ ስለ ሽቦዎቹ ስጠይቀው መልስ መስጠቱን አቆመ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጥግዋ የተቀደደችው የዚያችው ወረቀት ፎቶ «የ1960 ፓፍ» በሚል ሌላ ማስታወቂያ ላይ ወጥታ አየኋት።